ከጣርማ በር ቁልቁል

«አባዬ፣ ማርሽ!» አለች ሔራን።

አባቷ አልሰማትም። አይሱዙው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ከጀመረ አምስት ደቂቃ አልሞላውም፤ ፍጥነቱ ግን ከወትሮው በልጧል። ገብረአማኑኤል በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት የተመላለሰ ሹፌር ነው። ዛሬ ግን መሪውን የያዙት እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ውጭው በጉም ተሸፍኖ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ እሱ ግን ግንባሩ በላብ ርሷል።

«አባዬ!» ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

ከፊታቸው አንድ ገበያተኛ ሁለት አህዮች ጭኖ ይወርድ ነበር። የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ ዞር አለና አህዮቹን ትቶ ቦይ ውስጥ ዘለለ። ገብረአማኑኤል የባነነው ያኔ ነው። ፍሬኑን ረገጠ። ባዶው መኪና እየተንገጫገጨ ሄዶ አህዮቹ ጋ ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ሰውየው ዱላውን እንደያዘ እየተራገመ መጣ። የሹፌሩን ፊት ሲያይ ግን ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ?»

ገብረአማኑኤል ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ወረቀቱን መላጥ አቃተው። ሔራን ተቀብላ ላጠችና አፉ ውስጥ ከተተችለት። ከዚያም ሌላ ጨመረችለት። ከሩብ ሰዓት በኋላ የፊቱ መልክ ተመለሰ።

«ድካም ነው» አለ። «ሌሊት በቂ እንቅልፍ አልተኛሁም።»

ድካም እንዳልሆነ ሔራን ታውቃለች። የዛሬ ስድስት ዓመት አባቷ ከመቶ ሠላሳ ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ስኳሩ በመድኃኒት አልወርድ፣ ጉልበቱም አልሸከመው ሲል አዲስ አበባ ሄዶ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በዓመቱ ስኳሩ ወርዶለት መድኃኒቱን ተወ። አሮጌ ሱሪው ውስጥ ከሔራን ጋር ሁለት ሆነው ገብተው እየሳቁ ፎቶ ተነሱ። ሐኪሙ ግን እናቷ ሥርጉት ባለችበት አስጠንቅቆት ነበር፦ «ቀዶ ጥገናው አለቀ፤ ክትትሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ጣፋጭ ነገር ይጠንቀቁ። ስኳርዎ በአንዴ ሽቅብ ይወጣና አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ያኔ ያልብዎታል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራስዎንም ይስታሉ። ይሄ ከዓመታት በኋላም ሊጀምር ይችላል።» አባቷ ሁለት ዓመት ተከታተለ። ከዚያ «ጤነኛ ሰው ሆስፒታል ምን ይሠራል?» ብሎ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ቁርሱ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ነበር፤ ለስላሳም ደርቦበታል። ባለፈው ወር ደግሞ ቤት ውስጥ የገዛ ልጁ ስም ጠፍቶበት «አንቺ... አንቺ...» እያለ አፍጥጦባት ነበር።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለ ሞተሩን እያስነሳ።

«ባለፈውም አልነገርኳትም።»

«ጎበዝ። አሁንም እንደዚያው።»

«ሰውየውን ብንገጨው ኖሮስ?»

ገብረአማኑኤል ኩርባውን አለፈ። አሁን ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።

«ስሚ፣ ሐኪም ጋ ከሄድኩ መጀመሪያ የሚለኝ አትንዳ ነው። እኔ ከመንዳት ሌላ ምን አውቃለሁ? ሰውስ ምን ይላል? ሆዱን አስቀዶ ያው በሽተኛ ሆነ አይልም? ያኔ ስንቱ እንደሳቀብኝ አንቺ አታውቂም፤ ልጅ ነበርሽ።»

ሔራን አባቷ እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። አንጀቷን በላው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢና አስቀምጧት ሲሄድ ሚስጥር የሚያወራው ከእሷ ጋር ነው። ብትናገር ዳግም ያምናታል? እስከ ደብረ ሲና ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ሄደች።

ደብረ ሲና ሲደርሱ መንገዱ በገበያተኛ ሞልቷል። አክስቷ ቤት አጠገብ መኪናውን አቆመ፤ ቆሎ ሻጮች ወዲያው ከበቡት።

«በይ ውረጂ፤ አክስትሽ ትጠብቅሻለች። እኔ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርቱን ጭኜ ስመለስ እወስድሻለሁ።»

ሔራን በሩን አልከፈተችም። ከመኪናው ፊት አንዲት ሴት ልጇን አዝላ በግ እየጎተተች ትሻገር ነበር። ሔራን ሴትየዋ እስክታልፍ ድረስ አየቻት። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ማን ጋ ነው?»

«እማዬ ጋ።»

«ሔራን!» እጁን ሰደደ፤ ስልኩ ጋ ሳይደርስ ግን ቆመ።

«አትቀማኝ አባዬ» አለች። «ከፈለግክ በኋላ ተቆጣኝ።»

ስልኩ ሁለቴ ጠራ።

«ሄሎ? ደረሳችሁ?» አለች ሥርጉት።

«ደብረ ሲና ነን እማዬ። ደህና ነን። ግን...» ሔራን ዞራ አባቷን አየችው። «ግን አባዬ ከዚህ በኋላ አይነዳም። ዛሬ አይነዳም።»

«ምን ሆነ? ሔራን፣ ምን ሆነ?»

ገብረአማኑኤል ሞተሩን አጠፋ። ጋቢናው ውስጥ የሥርጉት ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ።

«ስጪኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔው ልንገራት።»

ሔራን ለአፍታ አመነታች። ስልኩን ሰጠችው፤ ግን ከጋቢናው አልወረደችም። አንድም ሳይደብቅ ነግሮ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቁጭ አለች።