ብረቱ እስኪቀዘቅዝ

አርብ ሲመጣ እመት የሺወርቅ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከግቢው በር አይጠፉም ነበር። ቢጫዋን ጀሪካን ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ከሳንቃበር ወደ ደባርቅ የሚወርደውን መንገድ ያያሉ። ደመና ቢሆን ይጨነቃሉ፤ ፀሐይ ቢሆንም ይጨነቃሉ። ያቺ መንገድ የልጅ ልጃቸውን ናዝራዊትን ሰኞ ትወስዳለች፤ አርብ ትመልሳለች። መንገድ መውሰድ እንጂ መመለስ ግዴታዋ እንዳልሆነ ግን እሳቸው አሳምረው ያውቃሉ። ባላቸው መልከ ጼዴቅ ሊማሊሞ ላይ ፍሬን በበጠሰ የጭነት መኪና ገደል ከገቡ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ናዝራዊት አምባራስ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አባቷ ሃብተ ጊዮርጊስ ነጭ ሽንኩርትና ገብስ ይነግዳል። ቤተሰቡን ሁሉ ለክርስትናውም ለለቅሶውም የምታመላልሰውን ከፍ ያለች ነጭ መኪና ለእሷ ለቆላታል። መኪናዋ ግቢ ገብታ ሞተሯ ጸጥ ሲል እመት የሺወርቅ ጀሪካኑን ያነሡና የማርያምን ጠበል በየጎማው መሐል ያፈሳሉ። ያኔ ከብረቱ ውስጥ «ጭስስ» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ነጭ እንፋሎት ይከተለዋል።

«ክፉው ሲለቅ ነው» ይላሉ። ያን ድምፅ ሳይሰሙ እራት አይወርድላቸውም።

መካኒኩን ጥበብን ያወቁትም በዚያችው መኪና ሰበብ ነው። ጥቅምት ላይ ናዝራዊት ፍሬን በያዘች ቁጥር መሪው በእጇ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋራዥ ልወስዳት ነው ስትል እመት የሺወርቅ ነጠላቸውን ለብሰው የኋላ ወንበር ላይ ገብተው ተቀመጡ። ልጅቱን በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል ብቻዋን ማን ይሰዳታል?

ጋራዡ ከመናኸሪያው በታች ነበር። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ቀጭን ወጣት ከአንድ መኪና ሥር ወጣና፣ እጁ ዘይት ስለሆነ ክንዱን ዘርግቶ ሰላም አላቸው። አሮጌ ጎማ ላይ ጆንያ አንጥፎ አስቀመጣቸው። የድጓ መምህሩ የመሪጌታ ያርጋል ልጅ መሆኑን ጠይቀው ተረዱ። ትንሽ አረፉ፤ ብዙ ግን አላረፉም።

ጥበብ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ የፊቱን ጎማ ፈታ። ከኋላው እንደ ትንሽ ሰፌድ ክብ የሆነ ብረት ታየ።

«ይህ ዲስኩ ነው» አላት ናዝራዊትን። «ፍሬን ስትይዢ የፍሬን ሸራዎቹ ከግራና ከቀኝ ይጨምቁታል። እሱ ሲቆም አንቺም ትቆሚያለሽ።»

ቀጭን ሽቦ አጥፎ ጫፏን ወደ ብረቱ አስጠጋና ዲስኩን በእጁ አዞረው። ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ሽቦዋን ነካት፤ ሌላ ቦታ ላይ ሸሻት።

«አየሽ? ተጣሟል።»

«ይቺን ታህል?»

«መሪውን የሚያንቀጠቅጠው እኮ ይቺው ናት።»

ናዝራዊት ለማየት ጎንበስ አለች። እሱ ዲስኩን ማዞሩን ቀጠለ፤ ዓይኑ ግን ዲስኩ ላይ አልነበረም። እመት የሺወርቅ ሁለት ጊዜ አሳሉ።

«እኛ ዘንድ በሽተኛው የት እንዳመመው ይነግረናል» አለች ናዝራዊት ቀና ሳትል።

«እኔ ዘንድ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይናገርም።»

«እንደዚያ የሚሆን ሰውም አለ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። እመት የሺወርቅ በዕድሜያቸው ብዙ ዝምታ ሰምተዋል፤ ይህን ዓይነቱን ግን ከወጣትነታቸው ወዲህ አልሰሙትም ነበር።

የዚያን ጊዜ ዲስኮቹን ጎንደር ቶርኖ ቤት ልኮ እንዲቃኑ አስላጣቸው። ለጥቂት ሳምንት ደኅና ሆነች፤ ከዚያ እንደገና ተንቀጠቀጠች። ታኅሣሥ ላይ ብረቱ በመለኪያ ሲለካ ሳስቷል፣ ዳግመኛ አይላጥም ብሎ አዲስ ዲስክ ከአዲስ ሸራ ጋር ገጠመላት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲያጠብቅ ናዝራዊት ባትሪ ይዛ ታበራለት ነበር፤ እኩለ ቀን መሆኑን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፣ ከእመት የሺወርቅ በቀር። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጣ እንዳትወርድ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዛት፣ ፍሬኑን ረገጥ እያደረገች መልሳ እንድትለቀው፣ በየወሩም ሸራውን እንድታሳየው አስጠናት።

«በሁለተኛ ማርሽ ከወረድሁ ይመሽብኛል» አለችው።

«ይምሽ። ብቻ ድረሽ።»

እመት የሺወርቅ በዚች ቃል ተረቱ። እሳቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሄደ ሰው ሁሉ ሲሉት የኖሩትን ይህ ልጅ በሦስት ቃል ጨረሰው።

ሸራውን ማሳየቱ በየወሩ መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ ሆነ። አንድ አርብ ጥበብ አዲሶቹ ዲስኮች እንዴት እንደያዙ ሊያይ ከበሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። መኪናዋ ገባች። እመት የሺወርቅ እንደ ልማዳቸው ጀሪካናቸውን አንሥተው አፈሰሱ። ብረቱ ጮኸ፤ እንፋሎቱ ወጣ። ጥበብ ከጎማው ሥር የሚፈስሰውን ውሃ ብቻ ይመለከት ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ እመይቴ?» አላቸው ቀስ ብሎ።

«ሁልጊዜ ነዋ። ይህ ባይኖር እስካሁን እሷ ትኖር ነበር?»

ራሱን ዝቅ አደረገ። «ይርዳን» ብሎ፣ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

የካቲት ላይ ጥበብ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው አዲሶቹ ዲስኮችም ተጣመሙ። ሃብተ ጊዮርጊስ እንደ እሳት ነደደ። አሮጌ ብረት አጥቦ አዲስ ነው ብሎ ሸጠልኝ፣ አታለለኝ ብሎ ጋራዡ ድረስ ሄዶ በሰው ፊት ተናገረው። ጥበብ ጨርቁን በእጁ እያጠፋ እየዘረጋ ሰማና «ጥፋቱ የእኔ ይሁን» አለ። እሑድ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው ከደጅ ሲቆሙ ሃብተ ጊዮርጊስ ግቡ አላላቸውም።

«የመኪናዬን ፍሬን ያልጠበቀ ልጄን ይጠብቅልኛል?» ብሎ መለሳቸው።

እመት የሺወርቅ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ሰሙ። ልጃቸው የተናገረው እሳቸውንም ሌሊት ሲያባንናቸው የነበረውን ነው።

ክፉው ግን ናዝራዊትም መጠርጠሯ ነበር። ስልክ ላይ ስታናግረው ሰምተዋታል። ለምን ራስህን አትከላከልም፣ ምን ትደብቀኛለህ እያለች ትጠይቀዋለች፤ እሱ ሌላ ሰው እንዲያፍር አልፈልግም ብቻ ይላታል። መልሱ እሱ ብቻ ሆነባት። እየቆየች መደወሉን ተወችው። ቅዳሜና እሑድ መጥታ ከአያቷ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ስልኳ ሲጮህ ታየውና ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። እመት የሺወርቅ እጇን ይይዛሉ። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ለዚህ የሚሆን ጠበል ደግሞ አላወቁም።

በመጨረሻ አንድ ረቡዕ፣ ጥበብ ሥራውን ትቶ ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ሰሙ። ነጠላቸውን ለበሱ። ሊቆጡት ነው ወይስ ሊለምኑት፣ ለራሳቸውም ሳይገባቸው ወደ ጋራዡ ወረዱ።

ከተራራው ከጨነቅ የወረደ ሚኒባስ ገና መቆሙ ነበር። ሾፌሩ ደርቤ ጎማው ሸተተኝ እያለ አንድ ባልዲ ውሃ ይዞ ወደ ፊቱ ጎማ ሲያዘነብል ጥበብ ሮጦ ክንዱን ያዘው።

«ተው ደርቤ። ዲስኩ ግሏል።»

«ስለጋለ አይደል? ላብርደው ነዋ።»

«የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካው ይጣመማል። ጭስስ ሲል አትሰማም? ያኔ ነው የሚበላሽ። ተወው፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።»

ደርቤ እየሳቀ ባልዲውን አስቀመጠ። ጥበብ ዞር ሲል እመት የሺወርቅን ከበሩ ላይ አየ። ከሚኒባሱ ጎማ የሚወጣው የተቃጠለ ሽታ ብቻ በመሐላቸው ነበር።

ያው አሮጌ ጎማ ላይ ጆንያ አነጠፈላቸው። ተቀመጡ።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ እመይቴ። ጠበል አያፍስሱ ብዬ እንዴት አፌን እከፍታለሁ?»

«ለእሷስ?»

«ለእሷ ብነግራት ለእርስዎ ትነግራለች።» ጨርቁን አጠፈ፤ ዘረጋ። «አያቷን የወሰዳቸው ፍሬን መሆኑን ነግራኛለች። እጅዎን ባዶ ባደርገው በምን ይጠብቋታል?»

እመት የሺወርቅ ክንዱን፣ ዘይት ያልነካውን፣ ያዙ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ።

ያን ማታ ሊናገሩ ነበር፤ ሃብተ ጊዮርጊስ እንግዳ አመጣ። ሐሙስ ጠዋት ሊናገሩ ነበር፤ ዳባት ገበያ ማልዶ ሄደ። ሰበቡ ይኸው ይሁን እንጂ እውነቱን እሳቸው ያውቃሉ፤ ፈሩ። ከዚህ ወዲያ በሩ ላይ አትቁሚ ቢባሉስ? ያቺ አርብ ከሰዓትና ያቺ ጀሪካን ከተወሰዱባቸው ምን ይቀራቸዋል? አምባራስ ቢደውሉ ስልኩ አይገባም። ቅዳሜ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ቀራት።

አርብ ቆሙ። ሃብተ ጊዮርጊስም ያን ቀን ቤት ነበርና አጠገባቸው ቆመ። መኪናዋ መጣች፤ በሩ ላይ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋ ሲንቀጠቀጥ ከውጭ ይታይ ነበር። ናዝራዊት ወረደች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። እመት የሺወርቅ ጀሪካኑን አነሡ፤ ግን አላፈሰሱም።

«ምነው እማዬ፣ ዛሬ ረሳሽው?» አለ ልጃቸው።

እመት የሺወርቅ መዳፋቸውን አርጥበው ሦስት ጠብታ ብቻ በጎማው መሐል ጣል አደረጉ። ብረቱ ጮኸ።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁ።»

«ክፉው ሲለቅ ይመስለኝ ነበር። ያንተ ዲስክ ነው የሚጮኸው። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስሁ ያጣመምሁት እኔ ነኝ። ልጁ ያውቅ ነበር። እኔን እንዳላፍር ብሎ ስድብህን ዋጠው። ነገ ጠዋት ሊሄድ ነው።»

ሃብተ ጊዮርጊስ ጎማውን አየ፣ እናቱን አየ፣ መሬቱን አየ። የመኪናዋ ቁልፍ በናዝራዊት እጅ ውስጥ ነበር። እሷ ግን ወደ መኪናዋ አልዞረችም። ቁልፉን በአባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች፣ በበሩ ወጣች፣ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ በእግሯ መሮጥ ጀመረች።

እመት የሺወርቅ ሊከተሏት ሁለት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ጋራዡ ተዘግቶ ይሆን? ልጁ ዛሬውኑ ተሳፍሮ ይሆን? ልጅቱ ኩርባው ጋ ስትደርስ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ ተመልሳ አላነሣችውም። ከዚያ ወዲያ አትታይም። እሳቸው ጩኸቱን ካቆመው ጎማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጠበቁ። ከመጠበቅ ሌላ የሚያውቁት የለም።

ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ሁለቱ ጎን ለጎን መጡ። በመሐላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ነበር፤ የወደቀውን ነጠላ የያዘው እሱ ነው። ጋራዥ ውስጥ ምን ተባባሉ? እመት የሺወርቅ አልጠየቁም፤ ማንም አልነገራቸውም። ሃብተ ጊዮርጊስ ወደ በሩ ወጣ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አፉ አልለመደውምና፣ አዲስ ዲስክ ለመግጠም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀ። ጥበብ «ሁለት ሰዓት» አለው። ሃብተ ጊዮርጊስም እንግዲያው እሑድ ይሁን፣ ሽማግሌዎቹም አብረው ይምጡ፣ ይህን ጊዜ ከደጅ አላቆማቸውም አለ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ጥበብ ባሕር ዳር ያገኘውን ሥራ አልተወም፤ ናዝራዊትም ዝውውር አገኘች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዕቃቸው በነጭዋ መኪና ተጫነ። አባቷ ለሙሽሮቹ ሰጥቷቸዋል። እመት የሺወርቅ ጀሪካናቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ያንሡት አያንሡት እጃቸው አላወቀም።

ጥበብ ከመሪው ጀርባ ወርዶ መጣ። ሌሊቱን ቆማ ያደረች መኪና መቀዝቀዟን አጥቶት አይደለም። ግን በፊቱ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የእጁን ጀርባ ወደ ብረቱ አስጠጋ፤ ብዙ ቆየ፤ ወደ ሌላኛውም ሄዶ እንደዚያው አደረገ።

«ቀዝቅዟል እመይቴ። አሁን ያፍስሱልን።»

አፈሰሱ። ውሃው በዲስኩ ላይ ዝም ብሎ ወረደ፤ ጠጠሩን አረጠበ፤ ወደ ቦዩ ገባ። ምንም አልጮኸም። ናዝራዊት በመስኮት ብቅ ብላ አቀፈቻቸው፤ ጥበብ ጉልበታቸውን ሳመ፤ መኪናዋ ወደ ዳባት መንገድ ታጠፈች። ኩርባው ላይ ፍሬን ያዘች፤ ቀይ መብራቷ በራ፤ አልተንቀጠቀጠችም።

እመት የሺወርቅ ባዶውን ጀሪካን ይዘው ቆዩ። ድምፁን ካልሰሙ ክፉው ይልቀቅ አይልቀቅ በምን ያውቃሉ?

«በሁለተኛ ማርሽ» አሉ ለመንገዱ። «ይምሽ። ብቻ ድረሱ።»