ቁመት ብቻ የቀረላቸው ዘማሪዎች

«የእኔ ትከሻ የት ሄደ?» አለች ሀሴት፣ የጓደኛዋን የሙንተሃን ላፕቶፕ ወደ ራሷ እየሳበች።

ሙንተሃ መጀመሪያ ሳቀች። ስክሪኑን ስታይ ግን ሳቋን አቆመች። የሃያ ሁለቱም ዘማሪ ልጃገረዶች ትከሻ፣ ደረትና እጅጌ ጠፍቷል። የተረፈው ቁመት ብቻ ነው።

የሙንተሃ አጎት አቶ አብዱልሃሚድ አዲስ ከተማ ውስጥ ስፌት ቤት አላቸው። የደንበኞቻቸውን ልኬት ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ባለ ዳታቤዝ ያስቀመጠችላቸው ሙንተሃ ናት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰነድ፣ በሰነዱ ውስጥ «ልኬት» የሚባል ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌና ቁመት አለ። ዛሬ የእነሀሴት የመዝሙር መሪ ሕዝቅያስ ደውሎ፣ ለዘማሪዎቹ የሚሰፋው ጋውን ደረጃ ላይ እንዳይረገጥ ሁሉም በአምስት ሳንቲ ሜትር ይጠር አለ። ሙንተሃም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቁመት ብቻ ቀይር ብላ ማዘዝ ሲገባት፣ ቁመት ብቻ የያዘ አዲስ ሳጥን በአሮጌው ቦታ ተካች። ኮምፒውተር እንደሆነ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ይሉኝታ አያውቅም። ቅጂ አላስቀመጠችም፤ አጎቷ ደግሞ ጨርቁን ነገ ጠዋት ይቆርጣሉ።

«አታካብጂ» አለች ሀሴት። «ሁላችንም የትምህርት ቤትሽ ልጆች ነን፤ ገምተሽ ሙዪው። ጋውን ሰፊ ነው፣ ማን ልብ ይላል?»

ሙንተሃ ከዘማሪዎቹ የአንዷን፣ የሮማንን ትከሻ ሠላሳ ስምንት ብላ ሞላች። ሮማን ግን ቮሊቦል ተጫዋች ናት። አርባ ይሆን እንዴ? አጎቷ ይህን ቁጥር አምነው መቀስ እንደሚያነሱ አሰበች። የጻፈችውን አጥፍታ ተነሣች።

«አጎቴ፣ የዘማሪዎቹን ልኬት አጠፋሁት» አለች ማሽኑ አጠገብ ቆማ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አቶ አብዱልሃሚድ ፔዳሉን አቆሙ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቷ ላይ አጠለቁላት።

«እኔ የሙሽራ ሱሪ ሁለቱንም እግር ግራ አድርጌ ቆርጬ አውቃለሁ» አሉ። «በይ ዘማሪዎቹ ከልምምድ ሳይበተኑ ድረሽባቸው።»

ሙንተሃና ሀሴት ባጃጅ ይዘው ልምምዱ ላይ ደረሱ። ሕዝቅያስ መዝሙሩን አላቋርጥም ስላለ ሙንተሃ የለካቻቸው እየዘመሩ ነው። ሲያጨበጭቡ እጅጌ አልያዝ አላት። ሮማን ከፍ ያለውን ዜማ ስታወጣ ደረቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨመረና ሙንተሃ የትኛውን ልጻፍ ብላ ጠየቀች፤ ዜማውም ልምምዱም በሳቅ ተበተነ። የሮማን ትከሻ አርባ ሦስት ሆነ። ሙንተሃ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሲወጡ ሕዝቅያስ የሁሉም እጅጌ በአንድ ሳንቲ ሜትር ይርዘም ብሎ ለመናት። ስፌት ቤት ተመልሳ አዲሱን ልኬት አስገባች፣ ቅጂ አስቀመጠችና ትእዛዙን ጻፈች፤ በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ሳይተካ በውስጡ ያለው እጅጌ ብቻ እንዲቀየር፣ ልኬት ብላ፣ ነጥብ አድርጋ፣ እጅጌ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምነው?» አለች ሀሴት።

ሙንተሃ ሜትሩን አቀበለቻትና ክንዷን ዘረጋች።

«መጀመሪያ እኔን ለኪኝና ዳታቤዙ ውስጥ አስገቢኝ። ትእዛዙን በራሴ ልኬት ልሞክረው።»