የጀልዴሳው ወተት

ኩልሚዬ «ዳነ» በተባለ በሁለተኛው ወር ሞተ። በ1978 ዓ.ም. የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ዳነ ሲባል ድሬዳዋ ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ለዚህ ነው ሐዘኑ እጥፍ የሆነው።

መርማሪው መቶ አለቃ ዓዋሌ ሆስፒታሉ ሲደርስ የሟች እህት ካልቱን ኮሪደሩ ላይ ትጮሃለች።

«ይቺ ናት! የወንድሜን መድኃኒት ሸጣ የገደለችው ይቺ ናት!»

ጣቷ የተቀሰረው ነርሷ ቢላን ላይ ነው። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች እስከ ምሳ ሰዓት ካልተጣራ ሊወስዷት በሩ ላይ ቆመዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ የተወሰደ ሁሉ አይመለስም።

ዶክተር ሲያድ ነገሩን አስረዳ። «መድኃኒቱ ከውጭ ለሙከራ የተላከ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ለኩልሚዬና አብሮት ለተኛው ታማሚ ለዋይስ ዕጣ ጣልን፤ ለኩልሚዬ ወጣ። በሦስት ወር እብጠቱ ግማሽ ሆነ። ከዚያ ድንገት አገረሸ። ደሙን ስናስመረምር መድኃኒቱ የለበትም!»

«ሲወስዱት ሌላ ምልክት አለው?»

«ፊት ላይ ሽፍታ ያወጣል። ኩልሚዬም አውጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን ጠፋለት።»

ዓዋሌ ወደ ቢላን ዞረ። «እህቴ፣ ሲውጥ አይተሻል?»

«ወደ አፋቸው ሲያደርጉ አያለሁ።»

«መመሪያው አፉን አስከፍተሽ እዪ ይላል።»

እንባዋ መጣ። «አዴር፣ አጎቴ፣ ብዬ የምጠራቸው ኩልሚዬ እኮ አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው! እንዴት ብዬ ‹አፍዎን ይክፈቱ› እላለሁ?»

ዓዋሌ ወደ ክፍሉ ገባ። ሁለት አልጋ ነው፤ አንዱ ባዶ። በሌላው ላይ ከወገቡ ቀና ማለት ያቃተው ዋይስ ተኝቷል። ከግንባሩ እስከ አገጩ ሽፍታ ወርሶታል።

«ሙቀቱ ነው» አለ ዋይስ።

በአልጋዎቹ መሃል አንድ ኩባያ ነበር። ዓዋሌ ከሥሩ የቀረውን ነጭ ዝቃጭ በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። መራራ ነው።

«ይህ የማን ነው?»

«የኔ። ካልቱን ከጀልዴሳ የግመል ወተት ታመጣለታለች፤ እሱ ደግሞ በየጠዋቱ ለኔ ይቀዳልኛል። አላህ ይማረው፣ ‹እኔ ጠግቤያለሁ› ነበር የሚለው።»

ዓዋሌ ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራ።

«ሽፍታው ከኩልሚዬ ፊት ጠፍቶ ዋይስ ፊት ላይ ወጣ። ስለዚህ መድኃኒቱ አልተሸጠም፤ ከዚህ ክፍልም አልወጣም።»

«ሙቀት መስሎኝ!» አለ ዶክተሩ።

«ዋይስ ሰረቀ እንዳንል፣ ከአልጋው አይነሳም። የኩልሚዬን አፍ ደግሞ በአክብሮት ማንም አላየም። ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ፣ በማንኪያ ፈጭቶ ወተቱ ውስጥ የጨመረው ራሱ ኩልሚዬ ነው።»

«ለምን?» አለች ካልቱን።

«ኩልሚዬ ልጅ ነበረው?»

«የለውም።»

«ዋይስስ?»

«ስድስት...» አለችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። የቢላንን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። «አፉ በይኝ፣ እህቴ።»

በሩ ላይ የቆሙት ጓዶች ጠመንጃቸውን አንግተው ወጡ።

«ታዲያ እኔ ለምን አልዳንኩም?» አለ ዋይስ።

ዶክተር ሲያድ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «መድኃኒቱ ለሁሉም አይሠራም። የኩልሚዬ ካንሰር እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ነበር መሰለኝ። የሚሠራው ለሱ ነበር።»

ዋይስ ኩባያውን አንስቶ ደረቱ ላይ አስቀመጠ።

«ወላሂ፣ በየጠዋቱ ይመረኝ ነበር። ሰው የሰጠውን መራራ ነው ማለት ነውር ነው ብዬ ጭጭ አልኩ። እንዲያውም ደስ እንዲለው ‹ጨምርልኝ› እለው ነበር።»