ሲቆም ጨዋ የሆነው መኪና

መሐንዲሱ ባዘዘው ሞቶ የተገኘው መሪው ፊት እንደተቀመጠ ነው። ላሊበላ፣ አቶ ዓለምእሸት ሆቴል ጋራዥ ውስጥ፣ የነጩ የናፍጣ መኪና ሞተር ሳይጠፋ፣ መስኮቱ ወርዶ፣ እሱ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ። ጠዋት በሩን የከፈቱት ሽማግሌው ዘበኛ ጋሽ ፈንታው ነበሩ። ሞተሩን አጥፍተው ትከሻውን ነካ አደረጉት። እንደማይመልስላቸው ሲያውቁ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጡ።

ጊዜው 2008 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊያበቃ የተቃረበበት ሰሞን ነው። ኢንስፔክተር ፅናት ጋራዡ ስትደርስ አለቃዋ ኮማንደር አረጋ ቀድሟት ነገሩን ጨርሶት ነበር፤ ሰውየው ሞተር አስነስቶ ሲሠራ እንቅልፍ ጣለው፣ በሩ ተዘግቶ ነበር፣ ጭሱ ገደለው። የጤና ጣቢያው ሐኪምም ይህንኑ የሚደግፍ ቃል ሰጠ። ሟቹን ያፈነው ሽታ የሌለው የጭስ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ነው።

ፅናት ወደ መኪናው ተጠጋች። ላሊበላ ከመምጣቷ በፊት ደሴ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ነበረች፤ ከመናገሯ በፊት አብዝታ የምታይ ሴት ናት። የሟቹን ፊት አየች። የሬሳ መልክ የለውም፤ ብርድ የመታው ልጅ ጉንጭ መስሎ ቀልቷል። ደሴ ሳለች፣ መብራት ሲጠፋ የቤንዚን ጄኔሬተር ጓዳ ውስጥ አስነስተው የተኙ ባልና ሚስት እንዲህ ቀልተው አይታለች። ከዚያ ጉልበቶቹን አየች። ባዘዘው ረጅም ሰው ነበር፤ ወንበሩ ግን ወደፊት ተስቦ እግሮቹ መሪው ሥር ተቀርቅረዋል።

«ጋሽ ፈንታው፣ በሩን ሲከፍቱ ጭሱ ዓይንዎን አቃጠለው?»

«ኧረ የለም ልጄ። የናፍጣ ሽታ ሸተተኝ እንጂ ምንም አልሆንኩ።»

ፅናት አንገቷን ነቀነቀች።

ባዘዘው የፍላቂት ልጅ ነው። አዲስ አበባ ምህንድስና ተምሮ፣ ቬልማር የሚባለውን የውጭ መኪና ለሚያስመጣ ድርጅት ይሠራ ነበር። ድርጅቱ የላከው መኪናው በደጋ ዳገት እንዴት እንደሚሄድ እንዲሞክር ነው። ላሊበላ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበር። የመኪና ጭስ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ድንጋይ እያጠቆረ ነው የሚል ስጋት ስለተነሣ፣ በአባ ተክለ ሚካኤል የሚመራ የከተማው ኮሚቴ ጭሳቸው «ንጹሕ» ነው የተባለላቸው መኪኖች ብቻ ወደ ቅጥሩ እንዲጠጉ ሊወስን ነበር። ያንን ምስክር ወረቀት የያዘው ቬልማር ብቻ ነው። ቬልማርን ወደ ከተማው የሚያስገባው ደግሞ የሆቴሉ ባለቤት ዓለምእሸት፣ የባዘዘው የልጅነት ጓደኛ።

ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ኮማንደር አረጋ ፅናትን ቢሮው አስጠራት። ከላይ ተደውሎለታል። የፋሲካ እንግዳ እየገባ ነው፣ ድርጅቱም የተከበረ ነው፣ መዝገቡ ከሆሳዕና በፊት ይዘጋ ተብሏል።

«አደጋ ነው ብለሽ ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ፅናት፣ እኔ አይደለሁም ያዘዝኩሽ።»

«ያዘዘዎት ሰው መጥቶ ሬሳውን ይይ። ከዚያ እሱ ይፈርም።»

ወጥታ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ተመለሰች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ከባዘዘው ጋር የመጣችውን ቴክኒሻን፣ የአብስራን ነው። ልጅቷ ዓይኗ አብጦ የመኪናውን ቁልፍ በጣቷ ታሽከረክራለች። ትናንት ከጋሸና ሙከራ ሲመለሱ የነዳችው እሷ እንደሆነች፣ ባዘዘው ኋላ ወንበር ሆኖ የጭስ መለኪያውን ሲከታተል እንደነበር ተናገረች። ወንበሩን ወደፊት የሳበችውም እሷ ናት። እንደደረሱ ግን በአንድ ነገር ተጨቃጭቀው እንደነበር አልሸሸገችም።

«በምን?»

«ያገኘውን ለኮሚቴው ልናገር አለ። እኔ ከሥራ እንባረራለን ብዬ ፈራሁ።»

«ምን አገኘ?»

የአብስራ ወደ በሩ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። መኪናው ጭሱን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር አለው። መሪው ሳይዞር ሞተሩ ሲሠራ እየተመረመርኩ ነው ብሎ ያስባል፤ መርዙን አፍኖ ይይዛል። መንገድ ወጥቶ መሪው መዟዟር ሲጀምር ግን ለጉልበት ሲል ይለቀዋል። እንዲህ ያደረገው ፋብሪካው ነው። በዚያ ዓመት ሬዲዮው የሌላ አገር መኪና ፋብሪካ በዚሁ ሲጋለጥ ደጋግሞ አውርቶ ነበር፤ ባዘዘውም የተጠራጠረው ያንን ሰምቶ ነው።

«የሚለቀው መርዝ፣ እሱን የገደለው ነው?»

«አይደለም። ያ የቤንዚን ሞተር መርዝ ነው። ናፍጣ የሚያወጣው በብዛት ሳንባና ዓይን የሚያቃጥለውን፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ነው። የቬልማር ማጭበርበርም በሱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ቆሞ የሚሠራ ቬልማር ጨዋ ነው እኮ። ለዚህ ነው ነገሩ ያልገባኝ።»

ፅናት ለመውጣት ስትነሣ ልጅቷ አንድ ነገር ጨመረች። ማታ የከተማው መብራት ጠፍቶ ግቢው ሁሉ ሲጨልም የባዘዘው ክፍል ብቻ ሲበራ በመስኮቷ አይታለች። እሱ ዕድለኛ ነው ብላ ተኛች።

የድርጅቱ ተወካይ ምናለ ግን የሽያጭ ሰው ነው፤ ሱፉ የተተኮሰ፣ ፈገግታው በሐዘንም ቀን የማይጠፋ። ፅናት ፊቱ ተቀምጣ ወረቀት ዘረጋች።

«የመኪናችሁ ጭስ ሰው ገደለ ብዬ ልጽፍ ነው። በአገሩ ያለ ቬልማር ሁሉ ይያዝ ዘንድም እጠይቃለሁ።»

ምናለ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ይህንማ አይጽፉም። የናፍጣ መኪና ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም። ለደንበኛ ሁሉ በየቀኑ የምናገረው ነው። የኛ መኪና ጋራዥ ውስጥ ሰው ሊገድል አይችልም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«እንግዲያ በሌላ ነገር ተገድሏል ማለት ነው» አለችና ወረቀቱን አጠፈች። ምናለ ከአፉ ያመለጠውን የተረዳው እሷ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ነው።

የባዘዘው ክፍል ከግቢው ጥግ፣ ከጋራዡ አጠገብ ነው፤ ከኋላው ከዕቃ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ፅናት አልጋውን ስትገፋ ራስጌው ላይ የድሮ የመብራት ሽቦ ቀዳዳ አገኘች። ጠርዙ ዙሪያውን ጥቀርሻ ይዟል። ጣቷን አሳርፋ አሸተተች፤ ቤንዚን።

ውጭ ጋሽ ፈንታው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ለፋሲካ የተገዙት ዶሮዎች ሞተውባቸዋል። ፈንግል ገብቶ ነው አሉ።

«ሁሉም ሞቱ?»

«የለም፤ ከኩሽናው ጋ ያሉት ደኅና ናቸው። እነዚህ ዕቃ ቤቱን ተደግፈው የነበሩት ናቸው። ትናንት ደኅና ውለው ነበር እኮ።»

«ትናንት ማታ እርስዎ የት ነበሩ?»

«አቶ ዓለምእሸት ዛሬ ቤትዎ ይደሩ፣ ይረፉ አለኝ። ደግ ሰው ነው።»

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ማን ጋ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ከዓለምእሸት ኪስ ወጥቶ እንደማያውቅ ነገሯት።

ዓለምእሸት ሲጠየቅ አለቀሰ። ባዘዘው ወንድሙ ማለት እንደነበረ፣ ከፍላቂት አንድ ላይ እንደወጡ፣ ማታ ሰላም ተባብለው እንደተለያዩ ተናገረ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለው የሆቴሉ ጄኔሬተር ከተበላሸ ሰንብቷል አለ። ፅናት አመስግናው ሄደች። እንባው የውሸት አልመሰላትም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ከበዳት።

በማግስቱ ሁሉንም የሆቴሉ ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው። ምናለና የአብስራ፣ ዓለምእሸትና ጋሽ ፈንታው መጡ። ኮማንደር አረጋ ባይወድም መጣ። አባ ተክለ ሚካኤልንም በአክብሮት አስጠርታቸው፣ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ።

ፅናት ቆማ ጀመረች።

«ባዘዘው መኪናው ውስጥ በራሱ እግር አልገባም። ገብቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ወንበሩን ወደኋላ ይገፋ ነበር፤ በዚያ ሁኔታ ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። ከሞተ በኋላ ነው ያስቀመጡት። የገደለው ደግሞ የቤንዚን መርዝ ነው። መኪናው የናፍጣ ነው።»

«ታዲያ ለምን እዚያ አስቀመጡት?» አሉ አባ ተክለ ሚካኤል።

«አባ፣ ጭስ ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ስላስቀመጠው ነው። የአብስራ ብትሆን ልዩነቱን ታውቃለች፤ በናፍጣ መኪና አትሸፍነውም። አቶ ምናለም ያውቃሉ፤ ትናንት ራሳቸው አስተምረውኛል። ስለዚህ ሁለቱም አይደሉም። ጋሽ ፈንታው ላያውቁ ይችላሉ፤ ግን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የላቸውም፣ ያን ምሽትም ቤታቸው እንዲያድሩ ተደርጓል።»

ዓለምእሸት መሬት መሬቱን ያያል።

«መብራት በጠፋበት ምሽት የባዘዘው ክፍል ብቻ ይበራ ነበር። ጄኔሬተር ሠርቷል ማለት ነው። ከዕቃ ቤቱ ጎን የነበሩት ዶሮዎች የሞቱት በፈንግል አይደለም፤ ፈንግል መርጦ አንዱን ጥግ ብቻ በአንድ ሌሊት አይጨርስም። አቶ ዓለምእሸት፣ ተበላሽቷል ያሉትን ጄኔሬተር ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ፈቃድ ገብቼ ገመዱን ሳብኩት። በመጀመሪያው ተነሣ።»

ዓለምእሸት ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«መብራት እንዲያገኝ ብዬ ነው ያስነሣሁለት። ሥራ አለኝ አለኝ። ጠዋት በጨለማ ስሄድ ሞቶ አገኘሁት። ደነገጥኩ፤ ወደ መኪናው ወሰድኩት። አደጋ ነው፣ እማምላክን።»

ኮማንደር አረጋ እፎይ ሊል ሲል ፅናት ወደ ዓለምእሸት ተጠጋች።

«ለመብራት ሽቦ ይበቃል። እርስዎ ግን በግድግዳው ቀዳዳ ጎማ ቱቦ ሰደዱ፤ ጭስ ማውጫው ላይ ገጥመው። ቀዳዳው ከባዘዘው ራስጌ በኩል ጠቁሯል። ቱቦውንም ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሥር አግኝተነዋል፤ አንደኛው ጫፉ ቀልጧል።»

ከዚያ በኋላ ዓለምእሸት አልካደም። ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም። ለአባ ተክለ ሚካኤልና ለአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ይህ መኪና ድንጋያችሁን አይነካም ብሎ በስሙ ምሎ እንደነበር ተናገረ። ባዘዘው ያን ምሽት መጥቶ ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ አለው። ዓለምእሸት ውሳኔው እስኪያልፍ ታገሠኝ ብሎ ጓደኛው እግር ላይ ወደቀ።

«ምን ብሎ መለሰልዎ?» ብላ ፅናት ጠየቀችው።

«የአገሬን ደብር ላጠቁር ኖሯል እንዴ የተማርኩት አለኝ። ሳቀብኝም። አፍሬ ነው፤ ከማፈሬ የተነሣ ነው።»

አባ ተክለ ሚካኤል ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፖሊሶቹ ዓለምእሸትን ይዘውት ወጡ።

ምናለ ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። ፈገግታው ተመልሷል። ያሳዝናል፣ ግን መኪናችን ነጻ መሆኑ በአደባባይ ተረጋግጧል፣ መኪናውንና መለኪያውን ይዘን ዛሬውኑ እንሄዳለን አለ። ኮማንደር አረጋም ይሂዱ እንጂ ብሎ እጁን ዘረጋለት።

«አይሄዱም» አለች ፅናት። «መኪናው ሰው አልገደለም አልኩ እንጂ ንጹሕ ነው አላልኩም።»

«ገዳዩን ይዘሻል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ኮማንደሩ።

«ለምን እንደገደለው ፍርድ ቤት ይጠይቀኛል። ባዘዘው ሊናገር የነበረው እውነት መሆኑን ማሳየት አለብኝ። የአብስራ፣ መለኪያውን ግጠሚ።»

«ይህ የድርጅቱ ንብረት ነው!» አለ ምናለ።

«አሁን የመዝገቡ ኤግዚቢት ነው።»

የአብስራ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ መሣሪያውን አንሥታ የጭስ ማውጫው ላይ አሰረችው። መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቁጥሩ እዚያው ዜሮው አካባቢ ተኝቷል። ምናለ «አያችሁ» አለ።

«ይግቡ እንጂ፣ አባ» አለች ፅናት።

አባ ተክለ ሚካኤል ከፊት ገቡ፣ ፅናትና ምናለ ከኋላ፣ የአብስራ መሪውን ያዘች። ወደ አሸተን ተራራ በሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ጀመሩ። በመጀመሪያው ኩርባ መሪው ሲዞር ቁጥሩ ከተኛበት ተነሣ። በሁለተኛው ዘለለ። ሽቅብ ሲያይል መሣሪያው መጮኽ ጀመረ፤ ቁጥሩን ጮኽ ብለው ሲያነቡ የነበሩት አባ ተክለ ሚካኤል ማንበቡን ትተው መስቀላቸውን ጨበጡ። ከኋላቸው የሚወጡት አስጎብኚዎችና ሹፌሮች ጭሱ ዓይናቸውን እያቃጠለው አፋቸውን በሻርፕ ከልለዋል።

ምናለ በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያየ፣ «ከዚህ ምን ያገኛሉ?» አላት። «እርስዎን ያዛውሩዎታል፤ ቬልማር ግን መሸጡን አያቆምም።»

«ላሊበላ ውስጥ ያቆማል» አለች። «ሌላውን ሌላ ሰው ያስቆመዋል። የአብስራ፣ አትቁሚ፤ እስከ ላይ ንጂ።»

ልጅቷ ማርሽ ቀየረች።

ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ለቬልማር ሊሰጥ የነበረውን ፈቃድ ሻረ፤ ማንኛውም መኪና በዳገት ላይ ሳይለካ ወደ ቅጥሩ እንዳይጠጋ ወሰነ። መለኪያውንም የአብስራ ራሷ ያዘች፤ ከሥራ ተባርራ ስለነበር ጊዜ አላጣችም። ዓለምእሸት ተፈረደበት። ባዘዘው ፍላቂት ተቀበረ፤ አባ ተክለ ሚካኤል መንገዱን ሁሉ ሄደው ጸሎተ ፍትሐት አደረሱለት።

ምናለም አልተሳሳተም። ክረምቱ ሳይገባ ፅናት ወደ ወገል ጤና ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ተዛወረች። እዚያ የተቀበላት አለቃ ከእግር እስከ ራሷ ቃኛት።

«ትእዛዝ አትሰማም፣ ጨቅጫቃ ናት ብለውኛል።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ሻንጣዋን እያስቀመጠች። «አደጋ ተብለው የተዘጉት መዝገቦች የትኛው ሣጥን ውስጥ ናቸው?»