በሙሉ ድምፅ

የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ የተከበሩ አቶ ሀብተ ሥላሴ በእንግዳ ማረፊያው አንሶላ ተሸፍነው ጣና ዳር ባለው የጀልባ መሳፈሪያ ላይ ተጋድመው ሳሉ፣ የቀሩት ሦስት አባላት «የዛሬው ስብሰባ ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ?» በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ።

ኢንስፔክተር ዜማ አዳራሹ በር ላይ የደረሰችው ምክትል ሰብሳቢው አቶ ምናሴ ጥያቄውን ሲያቀርቡ ነበር።

«እንዲቀጥል የምትደግፉ?»

ወይዘሮ የሺመቤት መሐረባቸውን እንደ ጨበጡ እጃቸውን አነሡ። ዶክተር ጥዑመ ልሳን ያነሡት አንድ ጣታቸውን ብቻ ነው፤ ዓይናቸው ከመስኮቱ አልተነቀለም። አቶ ምናሴ ግራ እጃቸውን አንሥተው ዙሪያውን ቃኙ።

«የምትቃወሙ? ድምፀ ተዓቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ቀጥሎ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። እኩል ተነሡ፣ እኩል ተቀመጡ። ያለቀሰ አልነበረም። ጨካኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሰው ዘመኑን ሁሉ «ተነሡ» ሲባል እየተነሣ፣ «ተቀመጡ» ሲባል እየተቀመጠ ከኖረ ኀዘኑም ጥሪ ይጠብቃል። ዜማም እነሱን ለመውቀስ አፍ አልነበራትም። ከሬሳ ጋር መዋል ከለመደች ቆይታለች፤ ጧት ስልኳ ሲጠራ መጀመሪያ ያሳሰባት ያልጨረሰችው ቁርሷ ነበር።

ወደ መሳፈሪያው ወረደች። ሳጅን ኢስሀቅ አንሶላው አጠገብ ቆሟል።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት። «ሙሔ ይባላል፤ ባለ ጀልባ ነው። ይሄ መሳፈሪያ የሱ ነው። ሬሳውም የተገኘው እዚሁ ሥር፣ የእምቦጭ አረም ተከምሮበት ነው።»

«ምን አጣላቸው?»

«ረቂቅ አዋጁ ነዋ። ይህን ዳርቻ ለባለሀብት የሚሰጥ ነው፤ ኮሚቴው ዛሬ ድምፅ ሊሰጥበት ነው የመጣው። ትናንት ሕዝባዊ ውይይቱ ላይ ሙሔ ተነሥቶ 'ዳሩን ከወሰዳችሁ እኛንም ግደሉን' ብሎ ሟች ላይ ጮኸባቸው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል።»

ዜማ አንሶላውን ገለጥ አደረገች። ሟቹ ገዘፍ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። አፋቸው ላይ የደረቀው አረፋ፣ ውኃ ውስጥ ሲገቡ በሕይወት እንደ ነበሩ ይናገራል። የመመታት ምልክት የለባቸውም። የቀኝ እጃቸው ጥፍሮች ግን ተሰንጥቀዋል፤ በሥራቸውም ጥቁር ክር ተሰክቷል።

«እምቦጩን ከላያቸው ያነሣችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን። ያውና።»

ቁልሉን በጫማዋ ጫፍ ገለበጠችው። አብዛኛው ቡናማ፣ ሥሩ በፀሐይ የደረቀ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳሩ ላይ ሣሩ ቢጫ ሆኖ የተኛበት ክብ ቦታ አለ። ክምሩ እስከ ትናንት የነበረው እዚያ ላይ ነው።

«የደረቀ እምቦጭ ውኃ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ኢስሀቅ እዚሁ ጣና አቅራቢያ ያለችው የወረታ ልጅ ነው፤ መልሱ አይጠፋውም። ግን ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ነበር። «ተወካዮቹ በቀትሩ በረራ ይመለሳሉ። አለቆች ጉዳዩ ከዚያ በፊት ይለቅ ብለዋል። ሙሔን ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

«ከነሱ አንዱ ቢሆንስ?»

«ያለመከሰስ መብት አላቸው። እጅ ከፍንጅ ካልተያዙ ወይም ምክር ቤቱ መብቱን ካላነሣ አይነኩም።»

«ሙሔስ ምን አለው?»

ኢስሀቅ ትንሽ አሰበ። «ጀልባ» አለ።

ሙሔ እጁ በካቴና ታስሮ የፖሊስ ፒክአፕ ኋላ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ሸምሲያ መኪናው ሥር ቆማለች። ኢንስፔክተሯን ስታይ አልሮጠችም፤ አላለቀሰችም። የጨርቅ ጫማውን በእጇ ይዛለች። ሲይዙት ከእግሩ ወልቆ የቀረ ነው።

«አልገደልሁም» አለ ሙሔ፤ ሲደጋግመው ስለ ዋለ ቃሉ ጣዕም አጥቷል። «ጮኼባቸዋለሁ፤ አልዋሽም። አመሻሽ ላይ ግን ጀልባየ ድረስ መጡ። 'ሙሔ፣ ተኝተህ እደር፤ ነገ እጄን አላነሣም' አሉኝ። ተኝቼ አደርሁ።»

«ማን ሰማቸው?»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ሸምሲያ። «ግን የሚስት ምስክርነት ማን ይሰማል? የኔ እመቤት፣ ይሄን ሰው ከወሰዱት ጀልባውን የሚነዳ የለም። ልጆቹን በምን ላሳድጋቸው? ላልቅስ ብየ ነበር፤ አልመጣልኝም።»

ዜማ ጫማውን ተቀበለቻትና ሙሔ እግር ሥር አኖረችው።

ከተወካዮቹ መጀመሪያ ያነጋገረችው ወይዘሮ የሺመቤትን ነው። ተወካይ ከመሆናቸው በፊት ዱርቤቴ አስተማሪ ነበሩ፤ አሁንም ሰው ሲያነጋግሩ ጠመኔ የያዙ ይመስላሉ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቀመጡት?»

«ሁልጊዜ። ምክር ቤት የተቀመጥንበትን ይዘነው እንዞራለን፤ ልማድ ነው። ይኸው ዛሬ እንኳ የሀብተ ሥላሴን ወንበር ትተን በየቦታችን ነው የተቀመጥን። ምናሴ ከግራየ ነው። እጁን ባነሣ ቁጥር ክርኑ ነጠላየን ከትከሻየ ያወርደዋል። ስንት ጊዜ ተቆጣሁት፤ አይሰማም።»

«ዛሬስ?»

ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን ዳበሱ። «ዛሬ እንኳ አላወረደውም» አሉ፤ ራሳቸውም እንደ መገረም ብለው።

«ረቂቁን ይደግፉታል?»

«ሁሉንም ደግፌ ነው የማውቅ።» መሐረባቸውን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። «የምናሴ ሚስት ወንድም እዚችው ዳር ላይ ሎጅ ሊሠራ እንደ ሆነ ሰምቻለሁ። እኔን ምን አገባኝ ብየ ዛሬም እጄን አነሣሁ። ተማሪዎቼን ይዤ መጥቼ እምቦጭ የነቀልሁበት ዳር እኮ ነው። ወገቤን የሚያመኝ ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እፍረቱም ዘግይቶ ነው የመጣልኝ።»

ዶክተር ጥዑመ ልሳን የግብርና ሰው ናቸው። ስለ ሰብሳቢው ሞት ከማንሣታቸው በፊት የራሳቸውን ቅሬታ ተናገሩ።

«ትናንት ስለ እምቦጭ ሳስረዳ ማን ሰማኝ? 'ነቅለን ያወጣነውን መልሰን ውኃ ካስነካነው ዘራነው ማለት ነው' አልሁ። ባለ ጀልባዎቹ ሳቁብኝ፤ እሱንማ ልጆቻቸውም ያውቁታል። ወይዘሮ የሺመቤት በደግነት ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ምናሴ ስልኩን ይነካካ ነበር።»

«እራት ላይስ ምን ተባለ?»

«ሀብተ ሥላሴ 'ነገ እጄን አላነሣም' አለ። 'ዳርቻው ለማን ዘመድ እንደሚሰጥም ምክር ቤት ላይ፣ በቴሌቪዥን እናገራለሁ' አለ። እኔ ሳቅሁ። እጁ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅማ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደሚለው 'ጎህ ሲቀድ ጣና ዳር ወክ አደርጋለሁ' ብሎ ተሰናበተን።»

«አቶ ምናሴስ ሳቁ?»

ዶክተሩ ለማስታወስ ሞከሩ። «ምናሴ ሾርባውን ጨረሰ።»

አቶ ምናሴ ክፍላቸው በር ላይ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ተቀበሏት። ሻንጣቸው ተዘግቶ ቆሟል። ዜማ እጇን ዘረጋች።

«ጉንፋን ይዞኛል፤ ባልጨብጥዎ ይሻላል» አሉ፤ ቀኝ እጃቸው ከሱሪያቸው ኪስ አልወጣም።

«ትናንት በዜና ሳይዎት ጥቁር ኮት ለብሰው ነበር።»

«ሙቀት ነው። ሻንጣ ውስጥ አስገባሁት።»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበሩ?»

«አልጋዬ ላይ።»

«ሟች እራት ላይ የተለየ ነገር ተናግረው ነበር?»

«ምንም። በኮሚቴያችን የሐሳብ ልዩነት ኖሮ አያውቅም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ላይ ሐሰት አልነበረም። ብዙ ጊዜ ስላሉት እሳቸውም አምነውታል።

ዜማ አመሰገነችና ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች። ልትደሰት ይገባት ነበር። ውስጧን ፈለገች፤ ድካም ብቻ አገኘች።

በረራው ሲቃረብ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሻንጣዎቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል። ሙሔ ከነካቴናው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ሸምሲያ ከደፉ አላለፈችም። ሦስቱ ተወካዮች ማንም ሳይነግራቸው በየቦታቸው ተቀመጡ። የሰብሳቢው ወንበር ባዶ ነው።

«አላቆያችሁም» አለች ዜማ። «ፖሊስ ሙሔን የያዘው ለሁለት ነገር ነው፤ ሟች ላይ ስለ ጮኸና ሬሳው በእምቦጭ ስለ ተሸፈነ። ከጩኸቱ ልጀምር። ሙሔ 'ማታ መጥተው እጄን አላነሣም አሉኝ' ይላል። ውሸት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዶክተር፣ እርስዎ ከሙሔ ጋር ተነጋግረው ያውቃሉ?»

«ከትናንቱ ስብሰባ በቀር አይቼው አላውቅም።»

«ቢሆንም ያንኑ ቃል ነገሩኝ። ስለዚህ አቶ ሀብተ ሥላሴ ለሙሔ ያንን ብለውታል። ሰው ጠላቱን ይገድል ይሆናል፤ ዳርቻውን ሊያተርፍለት የተነሣውን ብቸኛ ሰው ግን ምን ብሎ ይገድላል?»

ዶክተር ጥዑመ ልሳን ዓይናቸውን ከመስኮቱ ነቀሉ።

«ወደ እምቦጩ ልምጣ። ገዳዩ ሬሳውን የሸፈነው ሙሔ ነቅሎ ዳር ላይ ባደረቀው ክምር ነው። ጣና ዳር የሚኖር ሰው የወጣ እምቦጭ ውኃ ውስጥ አይመልስም። ለጀልባው ማለፊያ ሲል ወገቡ እስኪጎብጥ ነው የነቀለው። እጅ ደግሞ በድንጋጤ ጊዜ የሚሠራው የለመደውን ነው። ሙሔ ቢሆን ሣር ነበረለት፣ ደንገል ነበረለት፣ የጀልባው ሸራ ነበረለት። ወይዘሮ የሺመቤት ነቅለውታል፤ ዶክተር ሲያስተምሩ ውለዋል። ከዚህ ሁሉ ሰው ዶክተሩን ያልሰማው አንድ ነው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ሟች አልተመቱም፤ ሰጥመው ነው የሞቱት። ከመስጠማቸው በፊት መሳፈሪያው ላይ የቆመ ሰው ክንድ ይዘዋል። ከባድ ሰው ነበሩ፤ ጥፍራቸው እስኪሰነጠቅ ይዘዋል። በጥፍራቸው የቀረው ክር ጥቁር ነው። ያ የተያዘ ክንድ ዛሬ ጤነኛ ሊሆን አይችልም። ወይዘሮ የሺመቤት፣ ከግራዎ የሚቀመጡት ሰው ዘወትር ነጠላዎን ያወርዱታል፤ ዛሬ አላወረዱትም። ለምን ቢሉ፣ ድምፅ የሰጡት በግራ እጃቸው ነው። እኔን ለመጨበጥ ጉንፋን ያዛቸው፤ ኮታቸውን ሙቀት አስወለቃቸው። አቶ ምናሴ፣ እባክዎ ቀኝ እጅዎን ያንሡልኝ።»

ቀኝ እጃቸው ከኪሳቸው አልወጣም። ፊታቸው ግን አልተለወጠም።

«ላግባባቸው ነበር የሄድኩት» አሉ፤ ሪፖርት የሚያነቡ ይመስላሉ። «እምቢ አሉ። ገፋ አደረግኳቸው፤ ብዙም አይደለም። ሲወድቁ ክንዴን ያዙ።»

«ከዚያስ?»

«ሲለቁኝ ቆሜ አየኋቸው። መጮህ ነበረብኝ። ድምፅ አልወጣልኝም። ከዚያ ዳር ላይ የነበረውን በእግሬ ገፍቼ ሸፈንኳቸው። ከዚያ ቁርስ በላሁ።»

ሸምሲያ የበሩን መቃን ያዘች። ዜማ ለኢስሀቅ ምልክት ሰጠችው፤ የሙሔ ካቴና ተፈታ። ሙሔ የተላጠ አንጓውን አሸው።

አቶ ምናሴ ሰዓታቸውን አዩ። «የተናገርኩት ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ያለመከሰስ መብት አለኝ። በረራም አለብኝ።»

«አለዎት» አለች ዜማ። «እኔ አልነካዎትም። መብቱን የሚያነሣው ምክር ቤቱ ነው፤ ለምክር ቤቱ የሚናገር ግን ያስፈልጋል።» ወደ ሁለቱ ዞረች። «ሳትጠይቁ ከሄዳችሁ ነገሩ እዚሁ ጣና ላይ ይቀራል።»

ወይዘሮ የሺመቤት ለረጅም ጊዜ መሐረባቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ቦታ ትተው፣ በባዶው የሰብሳቢ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ሲጀምር ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ የአስተማሪነቱ መጣላቸው።

«የተከበሩ አቶ ምናሴ ያለመከሰስ መብታቸው ይነሣ ዘንድ ኮሚቴው ለምክር ቤቱ ጥያቄ ያቅርብ የሚለውን የምትደግፉ?»

እጃቸውን አነሡ። ዶክተር ጥዑመ ልሳን በዚህ ጊዜ ጣት አላነሡም፤ ሙሉ ክንዳቸውን ነው።

አቶ ምናሴ ወደ ቀኝ አዩ፤ ወደ ፊት አዩ። የተነሡትን እጆች አዩ። ግራ እጃቸው ጠረጴዛውን ቀስ ብሎ ለቀቀና ከጆሯቸው በላይ ወጥቶ ቆመ።

«የምትቃወሙ?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከጧት ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። «ድምፀ ተዓቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

እጁ ገና አልወረደም ነበር። አቶ ምናሴ ያወረዱት ወይዘሮ የሺመቤት «አመሰግናለሁ፣ ማውረድ ይቻላል» ካሏቸው በኋላ ነው።