ለጉንዳን የፈረምኩባቸው ሦስት ጠዋቶች

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ማመን የማይፈልግ ሰው እዚህ ጋ ማቆም ይችላል፤ ለምኜ የማሳምነው የለም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12:30። ቦታው የዩኒቨርሲቲያችን ክሊኒክ፣ ምድር ቤት ያለች መስኮት የሌላት ክፍል።

ለፍርሃት የግድ ጨለማ ያስፈልጋል ያለው ማን ነው? እኔን ያስፈራኝ ብርሃን ነው።

ሦስተኛ ዓመት ነበርን። እኔና የዶርም ጓደኛዬ እንቅልፍ በዓይናችን ሳይዞር ይነጋ ነበር። ጉንዳን ነው የምንላት፤ ትንሽዬ ናት፣ ከራሷ የሚከብድ መጽሐፍ ተሸክማ ስትሮጥ ነው የምትውለው።

ክሊኒኩ እንቅልፍ ላጡ ተማሪዎች የብርሃን ሕክምና ጀመረ ሲባል አብረን ተመዘገብን። አምስት ወንበር አለ፤ በየወንበሩ ፊት ነጭ ብርሃን የሚረጭ ሳጥን። ይፈረማል... ሠላሳ ደቂቃ ይቀመጣል... ይኬዳል።

ነርሷ ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቀችን። ወደ ኋላ አትዙሩ። የፈረመ ሰው ሠላሳ ደቂቃውን ሳይጨርስ አይነሳም።

ሕክምናው ሠራ። በሳምንቱ ድብን ያለ እንቅልፍ መተኛት ጀመርን።

ከዚያ ጉንዳን አልነሳም አለች።

"ፈርሚልኝ በናትሽ..." አለችኝ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና። "ሁለት ቀን ከቀረሁ ይሰርዙኛል።"

ተማሪ ሆኖ ለጓደኛው ያልፈረመ ማን አለ? ፈረምኩላት።

ነርሷ መብራቶቹን አበራችና ከኋላችን ቆጠረችን። "አምስት። ሁላችሁም አላችሁ።"

አራት ነበርን።

አይታ እንዳላየች ልታልፈን ነው ብዬ በሆዴ አመሰገንኳት። በማግስቱም ፈረምኩ። በማግስቱም "አምስት" አለች።

በሦስተኛው ቀንም ፈርሜ ተቀምጬ ሳለ ከጎኔ ያለው ባዶ ወንበር ሲጢጥ አለ...

ዞርኩ። አትዙሩ ተብያለሁ፣ አውቃለሁ። አልጸጸትም።

ግድግዳው ላይ አምስት ጥላ ተቀምጧል። ከባዶው ወንበር ኋላ ያለው ፀጉሩን አናቱ ላይ ቋጥሯል... ልክ እንደ ጉንዳን።

ጥላው ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

ወንበሬን ገልብጬ ሮጥኩ።

"ሠላሳ ደቂቃሽ!" አለች ነርሷ ከኋላዬ።

ዶርም እስክደርስ አልቆምኩም። መጋረጃው ተዘግቶ ክፍሉ ድንግዝግዝ ብሏል። ጉንዳን በጀርባዋ ተኝታለች። ዓይኖቿ ግን ተከፍተው፣ ኃይለኛ ብርሃን እንደሚወጋው ሰው ይርገበገባሉ። እጇን ብይዘው በረዶ ሆኗል።

"ጉንዳን... ተነሺ።"

"እሽሽ..." አለች። "አስራ አምስት ደቂቃ ይቀረኛል..."

"የምን አስራ አምስት ደቂቃ?"

"ነርሷ አትነሺ ብላኛለች... ትናንትም ከለከለችኝ..."

ንዴቴ መጣ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። የማስነሳትም እኔው ነኝ!

ተመልሼ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ሦስቱ ልጆች ንቅንቅ አላሉም። ነርሷ የፊርማውን ወረቀት ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

"ስጪኝ" አልኳት። አንቱታውን በር ላይ ትቼው ነበር የገባሁት።

"የፈረመ ይቀመጣል፣ የኔ ልጅ..." አለች በለሆሳስ።

"እሷ መቼ ፈረመች? እኔ ነኝ! አጭበርብሬያለሁ፣ ከፈለግሽ አስባርሪኝ!"

ወረቀቱን ነጠቅኳት። ለጉንዳን የፈረምኳቸውን ሦስት ፊርማዎች ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዝኳቸው።

ፀጉሩን የቋጠረው ጥላ ብድግ አለ... ከዚያ ጠፋ።

ስልኬ ጮኸ። ጉንዳን ናት።

"የት ጠፋሽ አንቺ? ረሃብ ሊደፋኝ ነው!"

እንባዬ መጣ። ነርሷ ግን አልተቆጣችም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

"ይኼኛው ግን የራስሽ ፊርማ ነው" አለች። "ደቂቃሽንም አልጨረስሽም።"

"የመጣው ይምጣ!" ብያት ወጣሁ።

ጉንዳን ሜዳው ላይ እየሮጠች መጥታ ተጠመጠመችብኝ። ሞቃለች። ስትስቅ ቆይታ ግን ዓይኗ መሬቱ ላይ ቀረ።

"አንቺ..." አለች በሹክሹክታ። "ቆመሻል አይደል?"

የጠዋት ፀሐይ ከጀርባዬ ነበረች። የጉንዳን ጥላ ሣሩ ላይ ረዝሞ ቆሟል። የእኔ ጥላ ግን ተቀምጧል። የወንበሩ እግሮች ሳይቀሩ ይታያሉ።

"ተነስ!" ብዬ ጮህኩበት።

ጥላዬ አንድ እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳ... ዘረጋው... የጉንዳንን ጥላ እጅ ያዘ።

የጉንዳን ጉልበት ቀስ እያለ መታጠፍ ጀመረ።

ብብቷ ሥር ገብቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ላይ ሳብኳት።

"አትቀመጪም!"