ወሮ በላ

ዘበኛውን ጋሽ ዶላሞን ቅዳሜ ከሰዓት በእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ወድቀው አገኟቸው። ጭንቅላታቸው ደምቷል። በሩ ተበርግዷል። ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች የሉም።

ሆስፒታል ሲደርሱ አንደበታቸው ተይዞ ነበር። ኢንስፔክተር ምንተስኖት እስክሪብቶ አስያዛቸው። ሽማግሌው እንደምንም "ወሮ በላ" ብለው ጻፉ። እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ፤ ራሳቸውን ሳቱ።

ምንተስኖት ማዕረጉን ከለበሰ ገና ሳምንቱ ነው። ትዕግሥት የሚሉት ነገር አልፈጠረበትም። ወሮበላ ከተባለ የተደራጀ ዘራፊ ነው፣ አለቀ። ከወላይታ የመጡ ሦስት ጫኝና አውራጆች በዚያ በኩል ሲያልፉ ታይተዋል ተባለ። በቃው፤ አስያዛቸው።

"ድስቶቹ የት ናቸው?"

"የምን ድስት፣ ጋሼ?" አለ አቤኔዘር የተባለው።

በጥፊ አለው።

"አለቃችሁ ማነው?"

"እኛ ጤፍ ነው ስናወርድ የዋልነው። ሌላ አናውቅም።"

እሁድ ሦስቱ ታስረው ዋሉ። ምንተስኖት ግን ቀይ አፈር ከተማ ወረደ፤ እናቱ ለሹመቱ አክስቱ ቤት ደግሳለች። በሬ ተጥሏል። ዘመድ አዝማድ እያየ በእጇ አጎረሰችው። እስኪጠግብ በላ።

ሰኞ የአቤኔዘር ሚስት ሊድያ ለባሏ ምሳ ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ የእድሩ ዕቃ መዝገብ ተከፍቷል፤ ጎኑ የዘበኛው ጽሑፍ አለ።

"ጋሼ፣ ወሮበላ ማለት ወሮ የበላ ነው። የእኔ ሰው የማንን ወሮ በላ?"

"ዘበኛው በእጁ ጽፎታል።"

ወረቀቱን አየችው። "ጋሽ ዶላሞ ወይዘሮን እንዲህ ነው የሚጽፉት። ወ/ሮ ብለው መሃሉ ላይ መስመር አያደርጉም። ይኸው የእኔ ስም፤ ልጄ የሞተ ጊዜ ድስት ስወስድ የጻፉት።"

ምንተስኖት መዝገቡን ሳበ። ወሮ ሊድያ። ወሮ ተዋበች። ጣቱ ወደ ታች ወረደ። "በላ" ብሎ የሚጀምር አንድ ስም ብቻ ነበር።

ወሮ በላይነሽ። እናቱ።

እናቱ ቤት ሲደርስ ድስቶቹ ታጥበው ጓዳ ተደፍተዋል።

"ጋሽ ዶላሞ ለለቅሶ መስሏቸው ከፈቱልኝ" አለች እናቱ። "ባጃጅ ላይ ስጭን ለድግስ መሆኑን ሰሙ። የሐዘን ዕቃ ለደስታ አይወጣም ብለው ድርቅ አሉብኝ። ገፋ አደረግኋቸው፤ እንዲህ ይወድቃሉ ብዬ ነው? ዘመድ ፊት እንዳታፍር ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።"

"ሰዎች መታሰራቸውን ሰምተሻል?"

ነጠላዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ይዟት ወደ ጣቢያ ሄደ። መንገደኛው ሰላም ሲለው ቀና ማለት አቃተው። በእሷ አፈረ፤ ከእሷ ይልቅ ግን በገዛ እጁና በገዛ ሆዱ አፈረ። የእስረኞቹን በር ራሱ ከፈተ።

"ወሮበላዎቹ ተገኙ እንዴ?" አለ አቤኔዘር ጉንጩን እየዳበሰ።

"ተገኙ" አለ ምንተስኖት። "እናቴ ወረረች፣ እኔ በላሁ።"